በ100 ዶላር ባስ ማጥመድ፦ ዘንጉ፣ ሪሉና ክሩ እንዴት ይመረጣሉ?

ሱቅ ገብታችሁ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አንሡ። ርካሽም ይሁን ውድ ለውጥ የለውም። ከእጀታው ትንሽ ከፍ ብሎ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች መስመር አለች። ብዙ ሰው አያያትም። ቀለሙን ያያል፣ ዋጋውን ያያል፣ አንዴ ወዝወዝ ያደርግና ጋሪው ውስጥ ይከተዋል። ያቺን መስመር ማንበብ ከቻላችሁ ግን ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል። ሻጩ የሚነግራችሁን ሁሉ የምትመዝኑባት እሷ ናት።

የእኔ ዘንግ ላይ የተጻፈው ይኸው ነው፦ 6 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ሚዲየም፣ ፋስት፣ ክር ከ6 እስከ 14 ፓውንድ፣ ማባበያ ከ1/8 እስከ 5/8 አውንስ። አምስት ነገር ብቻ። ማባበያ የምንለው ክሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን፣ ዓሣውን የሚያታልለውን ነገር ነው። የቀረው ጽሑፍ ስምና ማስታወቂያ ነው።

ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የምንኖር ሰዎች ሰመር ሲመጣ ሐይቅ ዳር ሥጋ እንጠብሳለን፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ከጎናችን አንድ ሰው ዘንጉን ይወረውራል። ከዚያ አንዱ ልጅ ይመጣና "አባዬ፣ እኛስ?" ይላል። አባትየው በማግስቱ ሱቅ ይሄዳል። መደርደሪያው ላይ ከ20 ዶላር እስከ 500 ዶላር የተሰለፈ ዘንግ ያያል። ግራ ይገባዋል። ወይ የልጅ መጫወቻ የመሰለውን ይገዛል፣ ወይ የማያስፈልገውን ውድ ዕቃ ይዞ ይወጣል። ሁለቱም ያሳዝናሉ፤ ምክንያቱም በሁለቱም መንገድ የገባ ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ዕቃውን ጋራዥ ውስጥ ጥሎ ይረሳዋል።

መጀመሪያ ስለ ዓሣው። ባስ ስንል እዚህ አካባቢ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ላርጅማውዝ፣ አፈ ሰፊው፣ ረጋ ያለ ውሃና ሣር ይወዳል። እንደ በርክ ሌክ ባሉ ሐይቆችና በታችኛው ፖቶማክ ታገኙታላችሁ። ስሞልማውዝ፣ አፈ ጠባቡ፣ ድንጋይና ወራጅ ውሃ ይወዳል። ከግሬት ፏፏቴ በላይ ያለው ፖቶማክ የእሱ ሰፈር ነው። አፈ ጠባቡ እዚህ ወንዝ ውስጥ የተፈጠረ አይደለም። በ1854 በባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር፣ የሎኮሞቲቩ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ተደርጎ ከምዕራብ በኩል መጥቶ ነው የተለቀቀው። መጥቶ ለመደ፣ ወለደ፣ በዛ። ይህን ታሪክ ሳስብ ለዚያ ዓሣ የተለየ ፍቅር አለኝ።

ለዕቃ ምርጫ የሚጠቅማችሁ ነገር ግን ሌላ ነው። ባስ ከባድ ዓሣ አይደለም። በየቀኑ የምትይዙት ከግማሽ ኪሎ እስከ ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። ሁለት ኪሎ ከተሻገረ ፎቶ ይነሣል፣ ለዘመድ ይላካል። የዓለም ክብረ ወሰኑ በ1932 ጆርጂያ ውስጥ የተያዘው 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ ነው፤ ወደ 10 ኪሎ ማለት ነው። በ2009 ጃፓን ውስጥ ቢዋ ሐይቅ ላይ የተያዘ ሌላ ባስ ከዚሁ እኩል ሆኖ ተመዝግቧል። ሰባ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አልደረሰበትም። ስለዚህ ሻርክ የሚጎትት ዕቃ አያስፈልጋችሁም። ጠንካራ ዕቃ ከቀላል ዕቃ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ነው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው።

አሁን ወደ መስመራችን እንመለስ።

ርዝመቱ ቀላል ነው። 6 ጫማ ከ6 ኢንች ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ረጅም ዘንግ ሩቅ ይወረውራል፣ አጭር ዘንግ ዛፍ ሥር ያሠራል። ከዳር ቆሞ ለሚያጠምድ ሰው ከ6 ጫማ ተኩል እስከ 7 ጫማ ያለው ልክ ነው። መኪና ከሌላችሁ፣ በሜትሮ ወይም በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ፣ ለሁለት የሚከፈለውን ግዙ። ድሮ ሁለት ቁራጭ ዘንግ ይናቅ ነበር። አሁን ግን ልዩነቱን በእጅ መለየት ይከብዳል።

ሚዲየም የሚለው ጥንካሬው ነው። ዘንጉን ለማጉበጥ ምን ያህል ጉልበት ይፈልጋል ነው ጥያቄው። ከላይት ጀምሮ እስከ ሄቪ ይሄዳል። ፋስት የሚለው ደግሞ የት ላይ ይታጠፋል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ፋስት ሲባል ፍጥነት ይመስለዋል። ፋስት ዘንግ ጫፉ አካባቢ፣ የላይኛው ሲሶ ላይ ይታጠፋል፣ ከዚያ በታች ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሞደሬት የሚባለው እስከ ወገቡ ይጎብጣል። ሱቅ ውስጥ ሞክሩት። ጓደኛችሁ ጫፉን በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይሳብ፣ እናንተ እጀታውን ይዛችሁ ከጎን እዩ። የት ላይ እንደሚታጠፍ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ባስን በአብዛኛው የምንይዘው በላስቲክ ትል ነው። በአንድ ወፈር ያለ መንጠቆ። ዓሣው ሲነክስ እጃችሁ ላይ "ጠቅ" የምትል ነገር ትሰማላችሁ፤ ያኔ ዘንጉን ወደ ላይ መንጨቅ አለባችሁ፣ መንጠቆው አፉ ውስጥ እንዲተከል። ዘንጉ እስከ ወገቡ እንደ ሸንበቆ የሚጎብጥ ከሆነ ጉልበታችሁ መንገድ ላይ ይቀራል። ፋስት ከሆነ ቶሎ ይደርሳል። በሌላ በኩል ሦስት ጫፍ ያላቸው መንጠቆዎች የተንጠለጠሉባቸው የእንጨትና የፕላስቲክ ዓሦች ላይ ለስለስ ያለው ዘንግ ይሻላል፤ ዓሣው ሲወራጭ ይከተለዋል፣ አይነቅለውም። አንድ ዘንግ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ግን ሚዲየም ፋስት። አትጨነቁ።

የሠሩበት ነገርስ? ግራፋይት ቀላልና ስሜት አስተላላፊ ነው፤ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ግን ይሰነጠቃል። ፋይበርግላስ ከባድና ደነዝ ያለ ነው፤ ግን አይሰበርም። ሁለቱን የቀላቀሉ ዘንጎች አሉ፤ አግሊ ስቲክ የሚባለው በዚህ የታወቀ ነው። የመኪና በር ዘንጉ ላይ የሚዘጋ ልጅ ያለው ሰው የተቀላቀለውን ቢገዛ እመርጣለሁ። ለስሜት ብሎ 200 ዶላር መክፈል በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፣ ጣታችሁ መስማት ከለመደ በኋላ።

የቀሩት ሁለት ቁጥሮች፣ የክሩና የማባበያው፣ ዘንጉን ከሌላው ዕቃ ጋር የሚያጋቡት ናቸው። ከ1/8 እስከ 5/8 አውንስ ማለት ከ3 ግራም ተኩል እስከ 17 ግራም ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በታች የሆነ ነገር ብታስሩበት ዘንጉ አይሰማውም፣ አይጎብጥም፣ ስለዚህ አይወረውርም። መወርወር የክንድ ጉልበት አይደለም። ዘንጉ በማባበያው ክብደት ጎብጦ ሲመለስ ነው የሚወረውረው፣ እንደ ወንጭፍ። ሰዎች ርካሽ ዘንግ አይወረውርም ሲሉ እሰማለሁ። ሄጄ ሳይ 2 ግራም የማትሞላ ነገር አስረውበታል። ዘንጉ ጥፋት የለበትም።

ወደ ሪሉ፣ ወደ ክር መጠቅለያው፣ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኔ ገንዘቤን ያጠፋሁት እዚህ ነው።

ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ከኋላው ቁልፍ ያለው፣ ተጭናችሁ የምትለቁት፣ ክሩ ክዳን ውስጥ የተደበቀ ነው። ስፒንካስት ይባላል። ለሰባት ዓመት ልጅ ጥሩ ነው፤ ለዚያ ብቻ ግዙት። ሁለተኛው ስፒኒንግ ነው፣ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው፣ ክሩን የሚመራ ሽቦ ያለው። ሦስተኛው ቤይትካስተር ነው፣ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠው፣ ቴሌቪዥን ላይ የውድድር አጥማጆች የሚይዙት።

እኔ ስጀምር አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ "ባስ ከሆነ የምትፈልገው ቤይትካስተር ነው፣ ሌላው የልጅ ነው" አለኝ። አመንኩት። 140 ዶላር ከፈልኩ። ቅዳሜ ጠዋት በርክ ሌክ ሄድኩ። የመጀመሪያው ውርወራ ላይ ሪሉ "ግርርር" አለና ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ተተበተበ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በጥፍሬ ስፈታ ቆየሁ። ጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አዩኝ። "ልጄ፣ እሱን አስቀምጠውና ይሄን ሞክር" ብለው የራሳቸውን ስፒኒንግ ሰጡኝ። በዚያ ዕለት የመጀመሪያ ባሴን ያዝኩ። የእሳቸው ሪል ከእኔው በግማሽ ይረክስ ነበር።

ምን ሆኖ ነው እንደዚያ የሚሆነው? ቤይትካስተር ላይ ስትወረውሩ ክሩ የተጠቀለለበት ከበሮ ራሱ ይሽከረከራል። ማባበያው አየር ላይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከበሮው ግን አይቀንስም። የሚሄድበት ያጣ ክር እዚያው ይከመራል። ያንን በአውራ ጣት መቆጣጠር ይቻላል፤ ልምምድ ይፈልጋል። ማባበያው ቀላል በሆነ ቁጥር ደግሞ ይብሳል፤ ርካሽ ቤይትካስተር ከሆነ ከበሮውም ፍሬኑም ሸካራ ስለሆነ በእጥፍ ይብሳል። ስፒኒንግ ላይ ከበሮው አይሽከረከርም። ዝም ብሎ ይቆማል፣ ክሩ ከጫፉ እየተፈታ ይወጣል። የሚከመር ነገር የለም። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ስፒኒንግ ይገኛል፤ በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ቤይትካስተር ግን አይገኝም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

መጠኑን 2500 ወይም 3000 ውሰዱ። አንዳንድ ፋብሪካዎች 25 ወይም 30 ብለው ያሳጥሩታል። ከዚያ የሚያንሰው ለትንንሽ ዓሣ ነው፣ የሚበልጠው ለባሕር ነው።

ሳጥኑ ላይ "10 ኩሽኔታ"፣ "12 ኩሽኔታ" የሚል በትልቁ ይጻፋል። በእሱ አትታለሉ። አራት ጥሩ ኩሽኔታ ከአሥራ ሁለት መናኛ ይበልጣል። 5.2 ለ1 የሚለው ቁጥር ደግሞ እጀታውን አንዴ ስታዞሩ ክሩን የሚጠቀልለው ክፍል 5.2 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ከ5 እስከ 6.2 ያለው ሁሉ ይሆናል። ከዚህ ይልቅ ሪሉን በእጃችሁ ፈትኑት። እጀታውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅነቅ አድርጉት፤ ቋ ቋ የሚል ከሆነ መልሱት። ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ አሸዋ የገባበት ወፍጮ የመሰለ ስሜት ከሰጣችሁ መልሱት።

ከሁሉ በላይ ግን ድራጉን ፈትኑ። ድራግ የሪሉ ፍሬን ነው። ዓሣው ሲጎትት ክሩ ከመበጠሱ በፊት ከበሮው እየተንሸራተተ ክር እንዲሰጠው የሚያደርገው እሱ ነው። ፊት ለፊት ያለችውን ክብ ቁልፍ አጥብቁ፣ ከዚያ ከበሮውን በጣታችሁ ለማዞር ሞክሩ። ጥሩ ፍሬን ከበድ ብሎ፣ ግን እንደ ቅቤ እየተንሸራተተ ይዞራል። መጥፎው መጀመሪያ ይይዛል፣ ከዚያ ድንገት ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ያ መያዝና መልቀቅ ነው ዓሣ የሚያስመልጠው። አምስት ፓውንድ ዓሣ በስምንት ፓውንድ ክር የሚበጠሰው ክብደቱ በዝቶ ሳይሆን ንጥቂያው ድንገተኛ ሆኖ ነው።

ፍሬኑን ስንት ላይ ላድርገው? የክሩን ጥንካሬ ሩብ ያህል። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አትግዙ። አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣችን ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ የምንመዝንባት የእጅ ሚዛን አለች አይደል፣ እሷን አምጡ። ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ አሳልፉ፣ ጫፉን ሚዛኑ ላይ እሰሩ፣ ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ ሌላ ሰው ሚዛኑን ይዞ ይጎትት። 10 ፓውንድ ክር 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ 1 ኪሎ አልፎ ትንሽ ሲል ክሩ መውጣት መጀመር አለበት። አንዴ እንደዚህ ካደረጋችሁ እጃችሁ ስሜቱን ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ሚዛን አያስፈልጋችሁም።

ክር። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚቆጥበው፣ እዚህ ጋ ነው መቆጠብ የሌለበት። ዘንግና ሪል አንድ ላይ የተሸጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ ክር ተጠቅልሎበት ይመጣል። ያ ክር መደርደሪያ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየ አታውቁም። ፈትታችሁ ጣሉትና አዲስ አድርጉበት። 8 ዶላር ነው።

ሦስት ዓይነት ክር አለ። የመጀመሪያው ናይለን ነው፣ ሞኖ ይሉታል። ዱፖንት የሚባለው ኩባንያ ናይለንን ለዓለም ካስተዋወቀበት ከ1938 በኋላ ነው የዓሣ ክር የሆነው፤ እስከ ዛሬም አልተሸነፈም። ሐዋሳ ዳር ልጆች በእጃቸው የሚወረውሩት ሲባጎም የዚሁ ዘመድ ነው። ርካሽ ነው፣ ቋጠሮ ይይዛል፣ ይለጠጣል። መለጠጡ ለጀማሪ ጸጋ ነው። ብትቸኩሉ፣ ብትነጥቁ፣ ፍሬናችሁ ጠብቆ ቢሆን፣ ክሩ ራሱ ይሰጥላችኋል። ጉዳቱ ውሃ ይጠጣል፣ ሲረጥብ ትንሽ ይደክማል፣ ፀሐይም ያረጀዋል፣ ከበሮው ላይ ሲቆይ እንደ ሞላ ይጠመጠማል። በየዓመቱ ቀይሩት።

ሁለተኛው ፍሎሮካርቦን ነው። ብርሃን የሚሰብርበት መጠን ከውሃ ጋር ስለሚቀራረብ ውሃ ውስጥ በደንብ አይታይም። ይሰምጣል፣ ውሃ አይጠጣም፣ ድንጋይ ሲፈገፍገው ይችላል። ግን ግትር ነው። ወፈር ያለውን ስፒኒንግ ሪል ላይ ብትጠቀልሉት እየፈነጠረ ይወጣል። ርካሹ ደግሞ ቋጠሮ ላይ ይከዳል። ሪሉን በሙሉ በእሱ መሙላት ለበጀት አጥማጅ አይመከርም።

ሦስተኛው ብሬይድ ነው፣ የተጎነጎነ። እንደ ሹሩባ ነው የተሠራው፣ ከጠንካራ የፖሊኢትሊን ክሮች። ለመጠኑ የሚደንቅ ጥንካሬ አለው፤ 20 ፓውንድ የሚችለው ብሬይድ ውፍረቱ የ6 ፓውንድ ናይለን ያህል ነው። ጭራሽ አይለጠጥም። ዓሣው ሲተነፍስ ትሰሙታላችሁ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለዓመታትም ያገለግላል። መጥፎው ጎኑ ዋጋው እጥፍ ነው፣ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ይታያል፣ ባዶ ከበሮ ላይ ካሰራችሁት ደግሞ ክሩ በሙሉ እንደ ቀለበት ይንሸራተታል። ለዚህ ከበሮው ላይ መጀመሪያ አንድ ዙር ናስትሮ ለጥፉ፣ ወይም ጥቂት ናይለን ጠቅልሉበት። ደግሞ ግንድ ወይም ድንጋይ ላይ ሲያዝባችሁ በፍጹም እጃችሁ ላይ ጠምጥማችሁ አትጎትቱት። ሥጋ ይቆርጣል። ዱላ ላይ ጠምጥማችሁ ሳቡ።

ታዲያ የትኛው? ለመጀመሪያው ሰመር 8 ፓውንድ ናይለን። ሣር የበዛበት ቦታ ከሆነ 10። ሌላ ነገር አታስቡ። ሁለተኛው ዓመት ላይ እጃችሁ ሲለምድ ወደ 15 ወይም 20 ፓውንድ ብሬይድ እለፉ፣ ከጫፉም ሁለት ሜትር ያህል ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን ቀጥሉበት። ታችኛው ፖቶማክ ላይ የምታጠምዱ ከሆነ ይህን ቶሎ ታደርጉታላችሁ። እዚያ ሃይድሪላ የሚባል የውሃ ሣር አለ፤ ባስ ከያዘ በኋላ እሱ ውስጥ ይሸጎጣል፣ ናይለን ሲለጠጥ ጊዜ ያገኛል። በዚያ ላይ ስኔክሄድ የሚባል ዓሣ አለ፣ ራሱ እባብ የመሰለ፣ ጥርሳም። ከእስያ የመጣ ነው። በ2002 ሜሪላንድ ክሮፍተን ኩሬ ውስጥ ተገኘ፣ በ2004 ደግሞ ፖቶማክ ላይ። ባስ ብላችሁ የጣላችሁትን ማባበያ እሱ ይዞት ይነሣል። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" የሚለው የእኛ ተረት ትዝ የሚለኝ ያኔ ነው።

አዲስ ክር ሪል ላይ ስትጠቀልሉ ተጠንቀቁ፤ የወደፊቱ ጣጣ ግማሹ የሚጀምረው እዚህ ነው። መጀመሪያ ሽቦውን ክፈቱ፣ ከዚያ ነው ክሩን ከበሮው ላይ የምታስሩት። ይህን ረስቶ ሁሉንም ጠቅልሎ ሲጨርስ ሽቦው ክሩን እንደማይይዝ የሚያይ ብዙ ነው። የተገዛውን ጥቅል ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ መሬት ላይ አስተኙት። ክሩን በሁለት ጣት ለስለስ አድርጋችሁ እየጨበጣችሁ 20 ጊዜ አዙሩና ቁሙ። ክሩን ላላ አድርጉት። ተጠማዞ እንደ ገመድ ከተጠቃለለ ጥቅሉን ገልብጡትና ቀጥሉ። ከበሮው ሊሞላ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው አቁሙ። ጢም ብሎ ከሞላ ክሩ በየውርወራው ይፈሳል፤ በጣም ከጎደለም ሩቅ አይሄድም። ውሃ ዳር ደግሞ ከወረወራችሁ በኋላ ሽቦውን እጀታውን በማዞር ሳይሆን በእጃችሁ ዝጉት። ይህቺ ትንሽ ልማድ ክሩ እንዳይጠማዘዝ ታደርጋለች።

ቋጠሮው አንድ ይበቃል፦ ፓሎማር። ክሩን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል እጥፍ አድርጉት። እጥፉን በመንጠቆው ዐይን አሳልፉ። በእጥፉ ተራ ቋጠሮ ሥሩ፣ ግን አታጥብቁት። አሁን ከጫፉ የቀረውን ቀለበት ሰፋ አድርጋችሁ መንጠቆውን በሙሉ በውስጡ አሳልፉት። ከዚያ በምራቃችሁ አርጥቡት፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ማርጠቡን አትዝለሉት። ደረቅ ክር ሲጠብቅ በሰበቃ ይግላል፣ ናይለን ሲግል ይደክማል። ተበጥሶ የተመለሰ ክር ስታገኙ ጫፉን እዩት። እንደ አሳማ ጭራ የተጠቀለለ ከሆነ የለቀቀው ቋጠሮው ነው። ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ድንጋይ ወይም ሌላ ነገር ነው የበጠሰው።

ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። ዘንግና ሪል አብሮ የተሸጠ፣ ሚዲየም ስፒኒንግ፣ ከ50 እስከ 60 ዶላር ይገኛል። ክር 8 ዶላር። አንድ ፓኬት ቁጥር 3/0፣ ሰፊ ጎን ያለው መንጠቆ፣ ጥቂት የጥይት ቅርጽ ያላቸው ክብደቶች፣ ሁለት ፓኬት አምስት ኢንች የላስቲክ ትል፣ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ጥቁር፣ ለሁሉም 20 ዶላር። መንጠቆ ማውጫ ፒንሳ ቤት ውስጥ ካለ አምጡት። ከ100 ዶላር ይተርፋችኋል። የቀረውን ማባበያ ላይ አታጥፉት፤ ሱቁ ውስጥ ከተሰቀሉት የሚያማምሩ የፕላስቲክ ዓሦች ብዙዎቹ የሚይዙት አጥማጁን ነው። ያቺ ላስቲክ ትል ባስ ታስይዛለች።

የመንግሥት ፈቃዱን ግን ከዚህ ገንዘብ ውጪ ያዙ፤ ከዘንጉ በፊት እሱን አውጡ። ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም፣ ዲሲም ከ16 ዓመት ጀምሮ ፈቃድ ይጠይቃሉ። አንዱ የሌላውን ውሃ ሁሉ አይሸፍንም፤ የምትሄዱበትን ቦታ ደንብ አንብቡ። ጠባቂዎቹ ይመጣሉ። ቅጣቱ ከሪል ይወደዳል።

አሮጌ ዕቃ መግዛት ጥሩ ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ጎረቤት ጋራዡን ሲያጸዳ፣ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ ላይ፣ በ15 ዶላር ድንቅ ዘንግ ይገኛል። ስትሄዱ ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ጥጥ ያዙ። በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ጥጡን አሽከርክሩት። አንድ ጊዜ ሰማያዊ የሚያምር ዘንግ አግኝቼ በጥጥ ስፈትሽ ሦስተኛው ቀለበት ላይ አንዲት ቀጭን የጥጥ ጭረት ቀረች። በዓይን ምንም አይታይም ነበር። በጥፍሬ ስነካው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ያቺ ስንጥቅ በየውርወራው ክሩን እንደ ቢላ ትልጠው ነበር፤ ገዢው ደግሞ ክሩን ይረግማል። ዘንጉን መልሼ አስቀመጥኩት።

አገር ቤት ይዤው ልሂድ ወይ የሚል ጥያቄም ይመጣል። ይኸው ዕቃ ለሐዋሳና ለዝዋይ ቆሮሶ ይበቃል፤ ትንሽ ጠንከር ይልበታል እንጂ ያገለግላል። አምባዛም ብትይዙበት ይታገላል። ጫሞ ላይ ለናይል ፐርች ግን አትሞክሩት፤ እሱ ሰው የሚያህል ዓሣ ነው፣ ሌላ ዕቃ ይፈልጋል።

የተበጠሰ ክር ውሃ ዳር አትጣሉ። ወፎች እግራቸው ይታሰርበታል፤ አንድ ጊዜ ሳቢሳ የመሰለች ወፍ ክንፏ ታስሮ ስትንፈራገጥ አይቼ ከዚያ ወዲህ ኪሴ ውስጥ ሳልከት አልሄድም። ብዙ ፓርኮች ምሰሶ ላይ ለዚሁ ብለው ቱቦ ሰቅለዋል።

ወደ ቤት ስትገቡ ፍሬኑን አላሉት፣ ጠብቆ ከሰነበተ ውስጡ ያሉት ስስ ክብ ነገሮች ይጣበቃሉ። ዘንጉን ሰመር ላይ መኪና ውስጥ አታሳድሩት። በሚቀጥለው ጊዜ ከመወርወራችሁ በፊት ደግሞ የመጨረሻውን አንድ ሜትር ክር በሁለት ጣት መሃል አሳልፉት። ሸካራ ነገር ከተሰማችሁ ቁረጡት፣ እንደገና ሥሩ፣ አርጥቡት፣ ሳቡት።